ቢንጎ የማይወዱት እማማ

ዛሬ ደብል (ሁለት ፈረቃ በተከታታይ) ሠርቼ ሌሊት ወጣሁ። የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ያለው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ገጠር ነው። ዙሪያው የበቆሎና የአኩሪ አተር ማሳ ነው፤ አሁን ግን ሁሉም በረዶ ነው።

በልቤ «እማማ» የምላቸው ሴትዮ ከጠዋት ጀምሮ ፀጉራቸውን ተሠርተው በመስኮት ሲያዩ ዋሉ። ልጃቸው ከሚኒያፖሊስ የሦስት ሰዓት መንገድ ነድታ ልትመጣ ነበር። መንገዱ ተዘጋ። ቢንጎ እንጫወት ስላቸው «የልጅ ጨዋታ ነው» አሉኝ። (እውነታቸውን ነው።)

ቡና ሰዓት ላይ ከአንድ አዛውንት ገበሬ ጎን አስቀመጥኳቸው። ለካ የአርባ ዓመት ጎረቤታሞች ናቸው! አንድ ጣሪያ ሥር ሆነው፣ ኮሪደር ለይቷቸው ወራት ሳይገናኙ ከርመዋል። አጥር ጥሶ ስለወጣ ኮርማ አንስተው አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ። ኮርማው የማን እንደነበር እስካሁን አልተስማሙም። እማማ እስኪያለቅሱ ሳቁ። ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

በማርች 2020 በኮሮና ምክንያት ጠያቂ ሲከለከል እዚህ የነበሩ ባልደረቦቼ፣ ቤተሰብ በመስኮት መስታወት እጅ ለእጅ ይነካካ እንደነበር ያወራሉ። እማማ ያን ጊዜ እንዴት ይችሉት ነበር?

መኪና ውስጥ ሆኜ እናቴ ጋ ደወልኩ። አገር ቤት ነግቷል። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ቡና ተፈልቷል፣ ጫጫታው አያሰማም። «ልጄ፣ ሰው አለ፣ ቆይተሽ ደውዪ» ብላ ዘጋችብኝ።