ጌሾ ጌሾ የሚሸተው ምንጣፍ

ለሆሳዕና ወደ ደብረ ማርቆስ ስሄድ ለእናቴ ቫኪዩም ክሊነር ገዝቼ፣ የአባይን በረሃ ከነጠመዝማዛው በጭኔ ታቅፌው ተሻገርሁ። የሳሎኗ ምንጣፍ በየበዓሉ አጥር ላይ ተሰጥቶ በዱላ ሲደበደብ የኖረ ነው፤ ደብዳቢው ከልጅነቴ ጀምሮ እኔ ስለሆንሁ፣ ስጦታው የልጅ ፍቅር ብቻ ነበር ብዬ አልዋሽም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቴና የክርስትና እናቴ ቡና ላይ ሳሉ ማሽኑን ሳሎኑ መካከል አቁሜ ማስረዳት ጀመርሁ። መጥረጊያ የሚያስነሣው አቧራ አየር ላይ ቆይቶ ተመልሶ እዚያው እንደሚያርፍ፣ ይህ ግን በሞተር በሚሽከረከር ማራገቢያ አየሩን እየሳበ ከምንጣፉ ሥር የተቀበረውን አሸዋ ሳይቀር እንደሚውጥ፣ አሸዋው እዚያው ከተተወ በተረገጠ ቁጥር ክሩን እየከረከረ እንደሚበላው ተናገርሁ። እግረ መንገዴንም ሁበርት ቡዝ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1901 ዓ.ም. ያስተዋወቀው ማሽን በፈረስ እየተጎተተ ደጃፍ ላይ ይቆም እንደነበር ጨመርሁ።

«በጋሪ ከሆነማ የማርቆስ ነው እንጂ!» አሉ የክርስትና እናቴ።

ሶኬቱን ሰካሁ። ማሽኑ ሲያጓራ ድመቷ በመስኮት ወጣች፤ እኔ ግን የምንጣፉ ቀይ አበባ እንደ አዲስ ሲፈካ እያየሁ በኩራት ገፋሁ። ከኋላዬ ሳል ሰማሁ። ዞር ስል ረከቦቱም፣ ቆሎውም፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ የክርስትና እናቴ ነጭ ነጠላ አመድ ለብሷል፤ ለካ ማሽኑ በፊት የዋጠውን ሁሉ በኋላው እየተፋው ኖሯል።

«የእኔ መጥረጊያ እንኳ እንግዳ ያውቃል» አለች እናቴ።

ከፍቼ ሳየው፣ አቧራውን አስቀርቶ አየሩን ብቻ የሚያሳልፈው የጨርቅ ከረጢት የለም። ለጉዞ እንዲመቸኝ አውጥቼ ለብቻው ይዤው እንደነበር ትዝ አለኝ።

«ከረጢት?» አለች እናቴ ቀስ ብላ። «ያች ከሻንጣህ ኪስ የነበረችው?»

ከጓዳ ይዛት መጣች፤ ለፋሲካ ጠላ የተወቀጠ ጌሾ እስከ አፏ ሞልቶባት በገመድ ታስራለች።

«እኔማ ለጌሾዬ ያመጣህልኝ መስሎኝ መርቄህ ነበር።»

ጌሾው ተገልብጦ ከረጢቷ ቦታዋን ያዘች። በዚህኛው ዙር፣ ለገና እኔው ራሴ በዱላ ስደበድበው ከዋልሁት ምንጣፍ፣ ሁለት እፍኝ የሚሆን ደቃቅ አሸዋ ወጣ፤ እናቴም በመዳፏ ይዛ ዝም ብላ ስታገላብጠው ቆየች። ችግሩ፣ ማሽኑ የሚያስወጣው አየር በጌሾዋ ከረጢት ውስጥ ማለፉ ነው። በማግሥቱ ዘንባባ በራሳቸው አስረው ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱት ጎረቤቶቻችን ገና ከበሩ ላይ ቆመው፣ «ጠላው ከወዲሁ ደረሰ እንዴ?» ሲሉ ጠየቁ።