በሦስት ሳምንት ዕረፍት ኢምፕላንት አያልቅም

ከውጭ ለሦስት ሳምንት አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው «ጥርሴን ተክዬ ልመለስ» ቢል መትከሉስ ቀላል ነው። ኢምፕላንት በጠፋ ጥርስ ምትክ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚገባ ብሎን ነው፤ አንዱን ለማስገባት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም። የሚያቆየው አጥንቱ ነው።

አጥንት ውስጥ የሚቀበረው የቲታኒየም ብሎን ውፍረቱ በአብዛኛው ከ3.5 እስከ 5፣ ርዝመቱ ከ8 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ነው። በላዩ አባትመንት የሚባለው አንገት ይታሰራል፤ ጥርስ መስሎ የሚታየው ክራውን መጨረሻ ይመጣል። ቲታኒየም ከአጥንት ጋር እንደሚጣበቅ ያስተዋለው ስዊድናዊው ብሮኔማርክ ነው፤ የመጀመሪያውን ታካሚ ያከመው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው።

መጣበቁ በተለምዶ ለታችኛው መንጋጋ 3 ወር ገደማ፣ አጥንቱ ሳሳ ለሚለው ለላይኛው ከ4 እስከ 6 ወር ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ ብሎኑ ከ0.15 ሚሊ ሜትር በላይ እየተነቃነቀ ከቆየ በዙሪያው አጥንት ሳይሆን ለስላሳ ሥጋ ይበቅላል። አያምም፤ ግን አይዝም። «በዕለቱ ጥርስ» የሚባለውም ብሎኑ በገባበት ቀን የሚገጠም ጊዜያዊ ክራውን ነው፤ ብሎኑ ሲገባ ወደ 35 ኒውተን ሴንቲ ሜትር በሚደርስ የማጥበቅ ኃይል ካልያዘ ባይሞከር ይሻላል፣ ከያዘም ከትይዩው ጥርስ ጋር እንዳይገናኝ ዝቅ ተደርጎ ይሠራል።

ሌላው ጠላት ሙቀት ነው። አጥንት 47 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ለአንድ ደቂቃ ከቆየ ይጎዳል። ስለዚህ ቀዳዳው ከ2 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ተጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይሰፋል፤ ቀዝቃዛ የጨው ውሃ ሳያቋርጥ ይፈስበታል፤ መሰርሰሪያው ገባ ወጣ ይላል እንጂ ተጭነው አይገፉትም። የደነዘ መሰርሰሪያ ሐኪሙን ያስገፋዋል፣ መግፋቱ ያሞቃል፤ ብሎኑ በሳምንታት ውስጥ ይላላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ሲቲ፣ ማለትም አጥንቱን ከሁሉም አቅጣጫ የሚያሳይ ራጅ፣ ይነሳል። ተራው ራጅ የአጥንቱን ስፋት አያሳይም። ታች መንጋጋ ላይ ከነርቩ መተላለፊያ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር መራቅ ያስፈልጋል፤ ከተነካ ከንፈር ሊደነዝዝ ይችላል።

እንግዲህ ጉዞውን ሁለት አድርጉት። በመጀመሪያው ብሎኑ ገብቶ፣ ስፌቱ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ወጥቶ ትሄዳላችሁ፤ በሁለተኛው ልኬት ተወስዶ ክራውኑ ይገጠማል። በመሃል የብሎኑን አምራች፣ ውፍረት፣ ርዝመትና የምርት ቁጥር የያዘውን ተለጣፊ ወረቀት ከፓስፖርታችሁ ጋር አስቀምጡት። የአንዱ ኩባንያ መፍቻና አባትመንት ብዙ ጊዜ ለሌላው አይገጥምም፤ ወረቀቱ ከጠፋ ዋሽንግተን ያለው ሐኪም ከራጅ ላይ ሊገምት ነው።

ክራውኑ በሲሚንቶ ከሚለጠፍ በብሎን ቢታሰር እመርጣለሁ። ድድ ሥር ተርፎ የቀረ ሲሚንቶ ድድን ያስቆጣል፣ ቆይቶም አጥንቱን ያስበላል። ኢምፕላንት እንደ ጥርስ ነርቭ ስለሌለው ሕመም ቀድሞ አያስጠነቅቅም፤ ስትቦርሹ ደም ካያችሁ ቀጠሮ ያዙ። ሲጋራና ያልተስተካከለ ስኳር ነገሩን ያባብሱታል።

ክራውኑ ነቅነቅ ካለ ብዙ ጊዜ የላላችው አባትመንቱን የምታስረው ትንሿ ብሎን ናት። ወዲያው ከተጠበቀች የደቂቃዎች ሥራ ነው። ቆሎ እየቆረጠሙባት ከቆዩ ግን ትሰበራለች፤ ስባሪዋን ከውስጥ ማውጣት ከመትከሉ ይልቅ ያደክማል።