በመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለው ቀን

ከጥቅምት ወር ጀምሮ አንድ ሥራ ብቻ ይዣለሁ። ለመድኃኒት ቤቶች በምንሠራው የሽያጭና የንብረት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ውስጥ፣ ሰው ቅንብሩን (ሴቲንጉን) ሲያስተካክል ከጎኑ ብቅ የሚለውን የእገዛ ጽሑፍ እንደ አዲስ እየጻፍኩ ነው። ቢሯችን ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ አራተኛ ፎቅ ላይ ይገኛል። የመጀመሪያ ደንበኞቻችን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አካባቢ ያሉት መድኃኒት ቤቶች ስለሆኑ፣ የጻፍኩት ነገር ሰው እጅ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሆን በእግሬ ሄጄ ማየት እችላለሁ።

ከእነዚህ አንዱን የሚመሩት በዕድሜ የገፉ ፋርማሲስት ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። ሶፍትዌሩን የጫንላቸው ቀን ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ከኋላቸው ቆሜ ነበር። ያኔ እገዛችን እንዲህ ነበር፦ የቅንብሩ ገጽ ሲከፈት ስክሪኑ ይጨልምና ሰባት ሳጥኖች ተራ በተራ ይመጣሉ፤ ይህ እንዲህ ነው፣ ያ እንዲያ ነው እያሉ። እትዬ በአንድ እጃቸው ለደንበኛ መልስ እየቆጠሩ በሌላው «ቀጥል» የሚለውን ሰባት ጊዜ ተጫኑት።

«እትዬ፣ አላነበቡትም እኮ» አልኳቸው።

«የኔ ልጅ፣ በሽተኛ ቆሞ እየጠበቀኝ ምኑን ላንብብ?»

ይህ የእሳቸው ጠባይ ብቻ አይደለም። ጆን ካሮልና ሜሪ ቤት ሮሰን የተባሉ የኮምፒውተር ኩባንያው የአይቢኤም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህንኑ አስረድተዋል። ሰው ኮምፒውተር ፊት የሚቀመጠው የራሱን ሥራ ሊጨርስ እንጂ ስለ ኮምፒውተሩ ሊማር አይደለም፤ ቀድሞ ቢማር በኋላ ጊዜ እንደሚተርፍለት ቢያውቅም እንኳ ወደ ሥራው ይቸኩላል። እኔ ይህን አንብቤ አውቀው ነበር። ያመንኩት ግን እትዬ «ቀጥል»ን ሰባተኛ ጊዜ ሲጫኑ ነው።

ያልተነበበው ሳጥን ምን እንዳስከተለ ያወቅነው ባለፈው መስከረም ነው። እትዬ ቅዳሜ ቅዳሜ መደርደሪያቸውን በእጃቸው ይፈትሻሉ። የሕፃናት አሞክሳሲሊን ሽሮፕ አንስተው ቀኑን አዩ፤ 08/2025 ይላል። ጊዜው አልፏል። የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያበቃ ሦስት ወር ሲቀረው ማስጠንቀቅ የነበረበት ሶፍትዌራችን ግን ትንፍሽ አላለም።

ምክንያቱን ስንፈልግ የቀን አቆጣጠር ቅንብሩ ላይ ደረስን። እትዬ «የኢትዮጵያ» የሚለውን መርጠዋል፤ ማንስ ቢሆን ሌላ ምን ይመርጣል? ደረሰኙ፣ ደመወዙ፣ ሐምሌ 1 ቀን የሚጀምረው የበጀት ዓመት ሁሉ በኛ አቆጣጠር ነው። ካርቶኑ ላይ የታተመው ቀን ግን የፈረንጅ ነው። እሳቸው ያዩትን 08/2025 እንዳለ ሲያስገቡት፣ ሶፍትዌሩ ስምንተኛውን ወር ሚያዝያ፣ ዓመቱንም 2025 ዓ.ም. አድርጎ ያዘው። ይህ በፈረንጆች 2033 ነው። ጊዜው ያለፈበትን ሽሮፕ ገና ከሰባት ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው አድርጎ መዝግቦት ነበር።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሽሮፑ ሕፃን አፍ አልደረሰም። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ በቅንብሩ ሥር የነበረውን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኛ። «ሥርዓቱ የሚጠቀምበትን የቀን አቆጣጠር እዚህ ይምረጡ» ይላል። ስሕተት የለበትም፤ ጥቅምም የለውም። ሰውየው ከምርጫው በኋላ ምን እንደሚመጣበት አንድም ቃል አይነግረውም።

በማግስቱ ረጅም ማስጠንቀቂያ ጽፌ ለፕሮግራመራችን ወሰድኩለት። አነበበውና፣ «ይህን ሁሉ ከምናስነብባቸው ቀኑ የሚጻፍበትን ሳጥን ራሱን ብናስተካክለውስ?» አለኝ። ልክ ነበር። የደረሰኙን አቆጣጠርና የካርቶኑን ቀን ለየናቸው። አሁን አንድ ሰው የካርቶኑን ቀን ሲጽፍ ከሳጥኑ ሥር ወዲያው አንድ መስመር ይወጣል፦ «ይህ መድኃኒት ነሐሴ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ያበቃል።» ወሩ ብቻ ሲታተም የወሩን መጨረሻ ቀን ስለሚያመለክት ኦገስት 31ን ይዘን ነው የቀየርነው። ያ ረጅም ማስጠንቀቂያዬ ሙሉ በሙሉ ቀረ፤ ከጻፍኳቸው ሁሉ የምወደው ይህን አንድ መስመር ነው። መስመሩ የሚታየው እጃቸው ሳጥኑ ላይ ሳለ ስለሆነ፣ «ቀጥል» ብሎ የሚያልፈው የለም።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ቃል እንደገና አየሁት። «ነባሪ ፕሪንተር ይምረጡ» የሚል ነበረን። የእትዬ ረዳት፣ ጎበዝ ወጣት ነው፣ የሚያውቀው ነባሪ ዓሣ ነባሪን ብቻ መሆኑን ነገረኝ። አሁን «ደረሰኝ ሁልጊዜ በየትኛው ፕሪንተር ይታተም?» ብለን እንጠይቃለን። ቃሉ በኮምፒውተር ትርጉሞች ሁሉ ስለተለመደ ለማውጣት ትንሽ ተሟግቻለሁ፤ መለመዱ ግን እኛ ዘንድ እንጂ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ አልነበረም።

አንቱታውም ሥራ ነበረው። አማርኛ «ምረጥ» ሲል ወንድን፣ «ምረጪ» ሲል ሴትን ነው የሚያዘው፤ «ይምረጡ» ሁለቱንም ይይዛል፣ እትዬንም ያከብራል። ቁልፎቻችን ላይ ግን «አስቀምጥ» እና «ያስቀምጡ» ተቀላቅለው ነበር። ብዙ ካሰብኩ በኋላ የለየኋቸው በተናጋሪው ነው። ቁልፉ ላይ ያለው ቃል ሰው ማሽኑን የሚያዝበት ስለሆነ «አስቀምጥ» ይሁን፤ የእገዛው ጽሑፍ ማሽኑ ሰውን የሚያነጋግርበት ስለሆነ «ይምረጡ»፣ «ይጻፉ» ይሁን። ማሽን ሰውን አንተ ሲል ደስ አይለኝም።

ሰዓቱ ቀለል ያለ ነበር። የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ (ባክአፕ) 2፡00 ላይ እንዲወሰድ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ሁሉም ሰው ጠዋት 2 ሰዓት፣ ሱቅ ሲከፈት ይመስለዋል፤ ማሽኑ ግን ሌሊት 8 ሰዓት ማለቱ ነው፤ ያኔ ኮምፒውተሩ ጠፍቷል። አሁን ቁጥሩን ትተን «ማታ ከመዝጋትዎ በፊት» ብለናል። በዊንዶውስ የሰዓት ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባን ፈልገው ለሚያጡም «ናይሮቢ የሚለውን ይምረጡ፤ ሰዓታችን አንድ ነው» የሚል ጨምረናል።

ባለፈው ማክሰኞ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። አዲስ ካርቶን ከፍተው 11/2027 ብለው ጻፉ። ከሥሩ የወጣውን መስመር፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው፣ ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠግተው ጮክ ብለው አነበቡት፦ «ኅዳር 20 ቀን 2020።» ካርቶኑን አገላብጠው አዩ፤ እንደገና ስክሪኑን አዩ።

«ይኼ ጥሩ ነው» አሉኝ። «ፊደሉን ግን አተልቂልኝ።»

ትናንት አተለቅነው። መስመሩ ሁለት ሆነና «አስቀምጥ» የሚለውን ቁልፍ ወደ ታች ገፋው፤ በእሳቸው ትንሽ ስክሪን ላይ ቁልፉ አይታይም። አሁን እሱን ይዣለሁ።