ፒሲ ዋን (የሕክምና ትምህርት ቅድመ ክሊኒክ የመጀመሪያ ዓመት) ላይ ቅዳሜን ያተረፍኩበት አሠራር

ደሴ ላይ ሕክምና የሚማርን ሰው ጊዜ የሚበላው ሽርሽር አይደለም፤ «አንድ ስኒ ጠጥቼ ልመለስ» ማለት ነው። ወሎ ቤት አንድ ስኒ የሚባል ቡና የለም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ዕጣኑ፣ የቡና ቁርሱና ምርቃቱ ሲጨመርበት ሁለት ሰዓት ይሄዳል። አቦሉን ጨርሶ ብድግ ማለት ደግሞ ባለቤቷን ማስቀየም ነው። ስለዚህ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሰው ቤት ቡና አልሄድም። ቅዳሜ ከሰዓት ግን እስከ በረካ ተቀምጬ እጫወታለሁ፤ ስለ ፈተና ማንም አያነሳብኝም።

የእንቅልፉም ነገር አለ። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ከቀኑ 11 ሰዓት የጠጡት ምሽት 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና እየሠራ ነው። በማግስቱ ሌክቸር ላይ ማንቀላፋት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ቅዳሜ ነፃ የሚወጣው በሥራ ቀናት ማታ በሚሠራው ሥራ ነው። ሀንድአውት ደጋግሞ ማንበብና በቀለም ማስመር ያወቅን ያስመስለናል እንጂ ፈተና ላይ አይገኝም። እኔ በተማርኩበት ዕለት ማታ ሀንድአውቱን ዘግቼ ባዶ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፤ በ3ኛውና በ7ኛው ቀን እደግመዋለሁ። ለምሳሌ ብራኪያል ፕሌክሰስ (ወደ ክንድ የሚሄደው የነርቭ መረብ)፦ ከአንገቱ ሲ5 እስከ ደረቱ ቲ1 ነርቭ ያሉ 5 ሩቶች (ሥሮች)፣ 3 ትራንኮች (ግንዶች)፣ 6 ዲቪዥኖች (ክፍልፋዮች)፣ 3 ኮርዶች (ገመዶች)፣ 5 ዋና ቅርንጫፎች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዲቪዥኖቹ ላይ ነው። መጀመሪያ ሦስቱንም ፖስቴሪየር (የኋላ) ዲቪዥኖች ወደ ፖስቴሪየር ኮርድ ስቦ መጨረስ ነው፤ ከዚያ የላይኛውና የመካከለኛው ትራንክ አንቴሪየር (የፊት) ዲቪዥኖች ላተራል (የውጭ) ኮርድን ይሠራሉ፣ የታችኛው ብቻውን ሚዲያል (የውስጥ) ይሆናል። ሚዲያን ነርቭ ከላተራልም ከሚዲያልም ስለሚወጣ ሥዕሉ ላይ የኤም ቅርጽ ካልታየ የሆነ መስመር ተዘሏል።

የጥናት ጓደኛም ጓደኛ ነው፤ ግን ከ3 ሰው አይበልጥ። አንዱ ይስላል፣ አንዱ ይጠይቃል፣ ሦስተኛው ከአትላስ (ከአናቶሚ የሥዕል መጽሐፍ) ያመሳክራል። አራተኛ ሲገባ ሥራ ስለማይኖረው ጨዋታ ያመጣል፣ ያውም የሚጥም ጨዋታ። ለአናቶሚ ፕራክቲካል (ለተግባር ፈተናው) ደግሞ እያንዳንዱን ስትራክቸር (የአካል ክፍል) አንድ ደቂቃ ይዞ እየተጠያየቁ መለማመድ ብቻውን ከማንበብ ይሻላል።

በረመዳን ሰው የሚሰባሰበው አፍጥር ላይ ስለሆነ የማታውን ጥናት ወደ ሱሑር ሰዓት አዞረዋለሁ። ዶርሙም ያኔ ነቅቶ ነው የሚያድረው፤ ቀደም ብዬ ካልተኛሁ ግን አይሆንም።

ሐይቅ ወይም ኮምቦልቻ መሄድ ሩቅ ባይሆንም ቀኑን ይጨርሳል። እሱን የሞጁል (የአንድ ትምህርት ክፍል) ፈተና ባለቀ ማግስት እንጂ ከፈተና በፊት ባለው ሳምንት አልይዝም። ሰርግ ቀድሞ ስለሚነገር ጥናቱን ቀደም አድርጎ መጨረስ ይቻላል። ለቅሶ ግን ቀጠሮ የለውምና እሑድ ከሰዓትን ምንም ሳልመድብበት እተወዋለሁ፤ ለቅሶ ካለ የተጓደለው ጥናት እዚያ ይካካሳል፣ ከሌለ የሂስቶሎጂ (የሕብረ ሕዋስ ጥናት) ስላይድ አያለሁ።