የገደለው አሲዱ ነው ወይስ ሌላ ነገር?

የእርጎና የአይብ ባክቴሪያ ያደገበት ፈሳሽ በአንጀት ካንሰር ሕዋሳት ላይ ሲጨመር ሕዋሳቱ ይሞታሉ። ውጤቱ በየላቦራቶሪው ይታያል፣ ያስደስታልም። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ገዳዩ ተራ አሲድ ነው፤ ይህን ሳያጣሩ «ፀረ ካንሰር ንጥረ ነገር አገኘን» ማለት ታማሚን ያሳስታል።

የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ (እርጎና አይብ የሚያረጋው) በኤምአርኤስ፣ ማለትም በባክቴሪያ ማሳደጊያ ፈሳሽ ውስጥ በ37 ዲግሪ ሲያድር ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጠዋል። ከ6 በላይ የነበረው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) ወደ 4 አካባቢ ይወርዳል። ፈሳሹ በሴንትሪፊዩጅ ተሽከርክሮ በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ሲያልፍ ባክቴሪያው ወደ ኋላ ይቀራል፤ አሲዱ ግን አብሮ ያልፋል። በ7.4 ፒኤች አካባቢ የሚኖር ሕዋስ፣ ካንሰር ሆነም አልሆነም፣ ይህን አይችልም። ምልክቱ በዓይን ይታያል፦ ፌኖል ሬድ የተባለ አሲድ ጠቋሚ ቀለም ያለበት የሕዋስ ማሳደጊያ ፈሳሽ ከቀይ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ቢጫ የሆነ ፕሌት (ሕዋሳቱ የሚፈተኑበት ባለ ጉድጓድ ሳህን) ስለ ባክቴሪያው ምንም አይነግርም።

መፍትሔው ፈሳሹን ከማጣራት በፊት በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወደ 7.2 መመለስ ነው። እሱም ብቻውን አይበቃም፤ አሲዱ ሲስተካከል ሶዲየም ላክቴት ሆኖ እዚያው ይቀመጣል። ስለዚህ ባክቴሪያ ያልገባበት ኤምአርኤስ በላክቲክ አሲድ እኩል ፒኤች ድረስ ወርዶ፣ እንደገና ወደ 7.2 ተመልሶ፣ በተመሳሳይ መጠን ጎን ለጎን መፈተን አለበት። ከማሳደጊያው 20 በመቶው በኤምአርኤስ ሲተካ የሕዋሱ ምግብ ስለሚቀንስ ይህ ንጽጽር ያንንም ያሳያል። አንዳንድ ላክቶባሲለሶች ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመነጫሉ፤ ይህን የሚያፈርሰው ኢንዛይም ካታሌዝ ተጨምሮ ግድያው ከቆመ ገዳዩ እሱ ነበር።

ሕያው ሕዋስ ወደ ሐምራዊ በሚለውጠው ቀለም የሚሠራው የኤምቲቲ ፍተሻም የራሱ ወጥመድ አለው። በ96 ጉድጓድ ፕሌት በየጉድጓዱ ከ5,000 እስከ 10,000 ሕዋስ ይደረጋል፤ 24 ሰዓት ተጣብቀው ያድራሉ፤ ከዚያ ፈሳሹ ተጨምሮ 24 ወይም 48 ሰዓት ይቆያሉ። ኤምቲቲ በሚሊሊትር 0.5 ሚሊግራም ገብቶ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይጠበቃል፤ ሐምራዊው ዝቃጭ ዲኤምኤስኦ በተባለ ማሟሚያ ሟሙቶ በ570 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ይነበባል። ኤምቲቲ ከመጨመሩ በፊት ሕዋሳቱ ካልታጠቡ በፈሳሹ ውስጥ ያሉ ውህዶች ራሳቸው ቀለሙን ሊቀይሩት ይችላሉ፤ የሞተው ሕያው መስሎ ይነበባል። ደግሞም ቀለሙ የሚለካው የሕዋሱን የኃይል ሥራ ነው። መሞታቸውን ለማረጋገጥ የሕዋስ ሞት ምልክት የሆኑትን አኔክሲን ቪ ወይም ካስፔዝ 3 መለካት ግድ ነው፤ ጤናማ የአንጀት ሕዋስም አብሮ መፈተን አለበት። ሁለቱንም እኩል የሚገድል ነገር መርዝ ነው።

ይህን ሁሉ አልፎ የወጣ ነገር ግን አለ፣ ተስፋውም እውነተኛ ነው። በ2016 የጃፓን ተመራማሪዎች ከኤመንታል አይብ የተገኘው ላክቶባሲለስ ካሴይ ኤቲሲሲ 334 የተባለ ባክቴሪያ ያደገበትን ፈሳሽ ደረጃ በደረጃ ከፋፍለው ፌሪክሮም የተባለ ብረት የሚይዝ ሞለኪውል ለይተዋል። የካንሰሩን ሕዋስ ጄኤንኬ በተባለው የምልክት መንገድ ወደ ሞት ሲገፋው፣ ጤናማውን የአንጀት ሕዋስ ግን የጎዳው ከካንሰሩ ሕዋስ በጣም ያነሰ ነው። እንዲህ ሞለኪውሉና መንገዱ ሲታወቅ ነው ነገሩ ክብደት የሚያገኘው።

ኒሲን ደግሞ ስለ መጠን ያስተምራል። ላክቶኮከስ ላክቲስ የተባለ ባክቴሪያ የሚሠራው ባለ 34 አሚኖ አሲድ ፔፕታይድ (አጭር ፕሮቲን) ሲሆን፣ አይብ እንዳይበላሽ ሲጨመር ኖሯል። የአንገትና የራስ ካንሰር በተሰጣቸው አይጦች ላይ ዕጢውን ያሳነሰው የተጣራ ኒሲን በኪሎ ክብደት 800 ሚሊግራም ድረስ ተሰጥቶ ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀጥታ ቢሰላ 48 ግራም ይሆናል። በአውሮፓ ለአይብ የተፈቀደው በኪሎ 12.5 ሚሊግራም ስለሆነ፣ ያንን ከአይብ ለማግኘት 3,840 ኪሎ መብላት ያስፈልጋል።

ኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው እርጎ ከወደደ ካልፈላ ወተት የረጋውን መተው አለበት። ቅሉ በወይራ ቢታጠንም ሊስቴሪያና ብሩሴላ ሊኖሩበት ይችላሉ፤ ነጭ የደም ሕዋሱ ለወረደ ሰው አደገኞች ናቸው። ወተቱ ሲፈላ የሚያረጋው ባክቴሪያም አብሮ ስለሚሞት፣ ለብ እስኪል ቀዝቅዞ ከተፓስቸረ ወተት በተሠራ እርጎ ይረጋል። ነጭ የደም ሕዋስ በጣም በወረደባቸው ቀናት ግን ሕያው ባክቴሪያ ያለበትን ማንኛውንም ምግብ ሐኪም ሳያማክሩ አለመብላት ነው።