ሁለት ካርድ

ዛሬ የደብረ ብርሃን ብርድ ጣት ያደነዝዝ ነበር። ትናንት ከመንዝ መጥተው ያደሩ አንድ አዛውንት በርኖሳቸውን እንደደረቡ የምዝገባ መስኮቴ ላይ በስማቸው የተሰጡ ሁለት የምዝገባ ካርዶች ዘረጉ።

«ልጄ፣ እኔ አንድ ነኝ። የትኛው ነው የእኔ?»

አፈርኩ። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ የሚጠብቀውን የኮምፒውተር ኮድ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንዲያውም ባለፈው ወር ኮርቼበት ነበር። የቀድሞው ኮድ ተመሳሳይ መዝገቦችን ሁሉ «ካውንት» በሚባል የመቁጠሪያ ትእዛዝ ቆጥሮ ውጤቱ ከዜሮ መብለጡን ያይ ነበር። ጎተራ ውስጥ ገብስ መኖሩን ለማወቅ ፍሬውን የሚቆጥር ማን አለ? እጅ መስደድ ይበቃል። «ኤግዚስትስ» የሚባለው ትእዛዝ እንዲሁ ነው፤ አንድ መዝገብ ሲያገኝ ፍለጋውን አቁሞ «አለ» ይላል። በእሱ ተካሁት፤ ፈጠነ። ፈጥኖም አዛውንቱን «የሉም» አላቸው።

አንዱ ካርድ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሃይሉ» ይላል። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ኮምፒውተር ግን ጆሮ የለውም። ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ «ኃ» 4739፣ «ሃ» 4611 ስለሆኑ ሌላ ሰው ነው ብሎ ፈረደ። በ«ሀ» የሚጽፍ ሠራተኛ ቢገጥማቸው ኖሮ ሦስተኛ ካርድ ይዘው ይመጡ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ዓምድ ጨመርኩ። እዚያ ሐ፣ ኀ፣ ኃና ሃ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነዝርያቸው ይመለሳሉ። ማመሳከሪያው የአባትንና የአያትን ስም፣ ቀበሌንም ይጨምራል፤ በዚህ አገር ኃይሉ የሚባል ሰው ብዙ ነው። ዋናውን ስም ማረም ይቀል ነበር፣ አልደፈርኩም። ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠረ ሰው ስሙ በብዙኃን «ኀ» ዘር እንደሚጻፍ ያውቃል።

ሌላም ችግር አለ፤ ሁለት የምዝገባ መስኮቶች ስለ አንድ ሰው በአንድ ቅጽበት ቢጠይቁ ሁለቱም «የለም» ተብለው ሁለቱም ይመዘግባሉ። ይህን የሚከለክለው ሠንጠረዡ ራሱ ላይ የሚጣል ድግግሞሽ ከልካይ ገደብ ነው። ለነገ አቆየሁት፤ ተደጋግመው የገቡት ሳይጸዱ ገደቡ አይጣልም።

የአዛውንቱን ሁለት መዝገቦች ላዋህድ ስል ደግሞ የልደት ዘመናቸው በአንዱ 1942፣ በሌላው 1944 ሆኖ አገኘሁት። ሰኞ ሲመለሱ እጠይቃቸዋለሁ።