ደቻቱ ደረቅ ሳለ የሚነደፍ ፕላን

ድሬዳዋን ለማያውቅ ሰው ደቻቱ ወንዝ መሆኑን ማስረዳት ይከብዳል። ከዓመቱ በአብዛኛው ጊዜ ውሃ የማይታይበት፣ ሰው በእግሩ የሚሻገረው፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ነው፤ ከዚራና መጋላ የሚባሉትን የከተማዋን ሁለት ክፍሎች የሚለየውም ይኸው አሸዋ ነው። ከሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ግን ደራሹ ሰው በተኛበት መጥቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ በሺዎች የሚቆጠሩትንም ቤት አልባ አደረገ። እኛ ቤት የደረሰው ድምፁ ብቻ ነበር፤ ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ሲላተም በጨለማ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ያ ሌሊት የተፈጥሮ አደጋ ብቻ ተደርጎ ሲነገር አልስማማም። ዝናቡ የተፈጥሮ ነው፤ በውሃው መውረጃ ላይ ሰው እንዲሰፍር የተደረገው ግን በመሬት አጠቃቀም ውሳኔ ነው፣ ወይም ውሳኔ ባለመኖሩ ነው።

አክስቴ ከወንዙ እምብዛም በማይርቀው ግቢዋ ሁለት ክፍል ለመጨመር የግንባታ ፈቃድ ስትጠይቅ አብሬያት ሄጄ ነበር። ያስተናገደን ባለሙያ ትሑትና ጠንቃቃ ሰው ነበር፤ ካርታውን፣ የወሰኑን ድንጋይ፣ ቤቱ ከመንገድ የሚርቅበትን ልክ አንድ በአንድ መረመረ። ስለ ወንዙ ግን አንድም ጥያቄ አላነሳም። አክስቴ ራሷ «ልጄ፣ በ98 ውሃው እስከ በራችን ደርሶ ነበር» ብትለው፣ «እናቴ፣ እሱ እዚህ ካርታ ላይ የለም» አላት። በሰውዬው አልፈርድም፤ የተሰጠው ቅጽ የሚጠይቀውን ጠይቋል። የሚያሳስበኝ ቅጹ ነው።

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ፕሮጀክቶች ከመጀመራቸው በፊት ተፅዕኗቸው እንዲጠናና ሕዝብ በጥናቱ ላይ አስተያየት እንዲሰጥ ያዛል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ነገር ግን የሚመዝነው ፕሮጀክትን ነው። የአክስቴ ሁለት ክፍል ፕሮጀክት አይደለም፤ የጎረቤቷም አጥር አይደለም። እንዲህ ያሉት ጥቃቅን ግንባታዎች ሲደማመሩ ግን የወንዙን ዳር ያጠባሉ፤ ጣሪያውና ኮብልስቶኑም ቀድሞ ወደ መሬት ይሰርግ የነበረውን ዝናብ ወደ ቦይ ይሰዳሉ። ስለዚህ የአካባቢው ጉዳይ መታየት ያለበት ቀደም ብሎ፣ በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት መዋቅራዊ ፕላኑ ሲነደፍና የእያንዳንዱ ቦታ አገልግሎት ሲወሰን ነው። በአገራችን ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ቦታውን በሊዝ የሚያስተላልፈውም ግንባታውን የሚቆጣጠረውም መንግሥት ነው፤ ከሊዝ የሚገኘው ገቢ የከተማ አስተዳደሮች በቀላሉ የማይተዉት ገቢ እንደመሆኑ፣ የጎርፍ መስመሩ፣ ማለትም ውሃው እስከ የት እንደሚደርስ የሚያሳየው ወሰን፣ ቦታው ለጨረታ ከመውጣቱ በፊት ካልተሰመረ በኋላ የሚያሰምረው አይገኝም።

ከጎርፉ ወዲህ በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ መሠራቱም ተገቢ ነው። ይሁንና ግንብ ሲቆም ከጀርባው ያለው ቦታ ደኅና ነው የሚል እምነት ያድራል፤ ቤትም ይበዛበታል። ደራሹ የሚነሳው ደግሞ ከከተማው ሳይሆን ከደንገጎና ከዚያ በላይ ካሉት የምሥራቅ ሐረርጌ ተራሮች ነው፤ እነዚያ ተዳፋቶች በአብዛኛው ተራቁተዋል ወይም ታርሰዋል። ድሬዳዋ ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ የሆነች አስተዳደር ስትሆን ከላይ ያለው ተፋሰስ የኦሮሚያ ክልል ነው። የድሬዳዋ ፕላን የቱንም ያህል ቢሠምር እርከን ሊያሠራ ወይም ዛፍ ሊያስተክል የሚችለው ከወሰኑ ወዲህ ብቻ ነው።

ሌላው ጉዳይ የምንጠጣው ውሃ ነው። ከተማችን የምትጠጣው ከርሰ ምድሩን ነው፤ ዋነኞቹ ጉድጓዶችም ሰቢያን አካባቢ ይገኛሉ፤ ሰቢያን ግን ዛሬ የመኖሪያ ሠፈር ነው። ፍሳሽ ማስወገጃ መስመር በሌለበት እያንዳንዱ ቤት የሽንት ቤት ጉድጓድ ይቆፍራል፤ በከርሰ ምድር ውሃው ውስጥ ከእንዲህ ያለ ፍሳሽ የሚመጣው ናይትሬት የተባለ ንጥረ ነገር በርክቶ መገኘቱንም ባለሙያዎች ደጋግመው ገልጸዋል። የጉድጓዶቹ ዙሪያ ከግንባታ ነጻ ሆኖ መከለል የነበረበት ቤቱ ከመሠራቱ በፊት ነበር፤ አሁን ለማስተካከል ሰው ማንሳት ይጠይቃል፣ ያም ሌላ በደል ነው።

አክስቴ ፈቃዱን አግኝታለች። ክፍሎቹን ግን ግቢው ጠባብ ቢሆንባትም ከወንዙ አርቃ፣ ወለሉንም በ98 ውሃው ከደረሰበት ልክ በላይ ከፍ አድርጋ አሠራች፤ ግንበኛው ስንት እንደሚያስጨምራት ሲነግራትም አልተከራከረችም።